ስንጥቁን ያወቀ ዝም ሊል ይገባዋልን?



በመርካቶ ያደገ ሰው ሁሉ ምናለሽ ተራን ያውቃል። በዚያ ሥፍራ የሚጣል ብረት የለም። በርሜሉ ተቆርጦ ምድጃ ይሆናል፤ የከባድ መኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ መጥረቢያ ይሆናል፤ ያረጀው ቱቦ ተበይዶ የአልጋ እግር ይሆናል። ከማለዳ እስከ ማታ የመዶሻው ድምፅ አያቋርጥም። እኔም ከትምህርት በሚተርፈኝ ጊዜ በዚያው በአጎቴ ብየዳ ቤት እሠራለሁ። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ በመጀመሪያ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ሳይሆን ከገዛ እጄ ሥራ የመጣብኝ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ አንድ ነገር ተሰብሮ ሰው ሲጎዳ፣ የመሰበሩን ምክንያት የሚያውቅ ሰው፣ እውነቱ ራሱን የሚያስወቅሰው ቢሆንም እንኳ፣ ዝም ሊል ይገባዋልን?

መልሱ ቀላል ይመስላል። «አይገባውም» ብላችሁ ወደሚቀጥለው ጽሑፍ ልታልፉ ትችላላችሁ። እኔም ጥያቄው በራሴ ላይ እስኪደርስ ድረስ እንደዚሁ እመልስ ነበር።

የጋሪው አክስል

አንድ ቀን አንድ ጋሪ ገፊ የጋሪውን አክስል ተሸክሞ ወደ ብየዳ ቤታችን መጣ። አክስሉ ከጎማው መቀመጫ አጠገብ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረችበት። ሰውየው በጣም ቸኩሏል፤ ጋሪው ከቆመ የልጆቹ እንጀራም ይቆማልና። አጎቴ በዚያ ሰዓት አልነበረም። እኔ ኤሌክትሮዱን ይዤ ከላይ ከላይ በየድሁት፤ በግራይንደር አለሰለስሁት፤ ከዚያም ቀዩን አንቲረስት ቀባሁት። ሲያዩት አዲስ መሰለ። ስንጥቁ ዞሮ ከሥር በኩል መድረስ አለመድረሱን አልተመለከትሁም። እውነቱን ለመናገር ላለመመልከት መርጬ ነበር፤ ካየሁት ሥራው ይረዝማልና።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ያ ጋሪ ከእህል በረንዳ አራት ኩንታል ጭኖ ሲወርድ አክስሉ ተሰበረ። ጭነቱ በሰውየው እግር ላይ ወደቀና ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። እንደ ልማዳችን ሰው ተሰበሰበ። ግማሹ «ከልክ በላይ ጭኖ ነው» አለ። ግማሹ ደግሞ «ቀኑ ደርሶበት ነው» አለ። እኔም ከሰዎቹ መካከል ቆሜ እንደ ተስማማ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

በሠፈሩ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ አዛውንት ብረት ሠሪ አሉ። የተሰበረው አክስል ወደ እኛ በር በመጣ ጊዜ ሁለቱን ስባሪዎች አንሥቼ ላጋጥማቸው ስል «ተው! አታጋጥመው፤ አፉ የሚናገረውን ታጠፋበታለህ» አሉኝ። ከዚያም አንደኛውን ስባሪ ተቀብለው ወደ ፀሐይ አዞሩት። የስብራቱ ገጽ ሁለት መልክ ነበረው። ከአንድ ወገን ግራጫና ንጹሕ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ከሌላው ወገን ግን ጠቁሯል፣ ዝጓል፣ በጠርዙም ቀይ ቀለም ገብቶበታል። ጋሼ ቀስ ብለው፦

«ልጄ፣ ዛሬ በተሰበረ ብረት ውስጥ ቀለም ምን ይሠራል?» አሉኝ።

ሌላ አንዳች አልተናገሩም። ነገር ግን ያች ጥያቄ ሌሊቱን ሁሉ እንቅልፍ ነሣችኝ።

የተሰበረ ብረት የሚያነብብ ሙያ

በኋላ ስለዚህ ነገር ሳነብብ ጋሼ በዚያች ደቂቃ የሠሩት ሥራ በዓለም ላይ ራሱን የቻለ ታላቅ ሙያ መሆኑን ተረዳሁ። መርከብ ሲሰምጥ፣ ድልድይ ሲወድቅ፣ ቦይለር ሲፈነዳ ምክንያቱን ፈልጎ የሚያወጣ መሐንዲስ አለ። የአደጋ መርማሪ መሐንዲስ እንበለው። እንዲህ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ በመካኒካል፣ በብረታ ብረት ወይም በመርከብ ምሕንድስና ይማራል። ከዚያም በመርከብ ማደሻ ወይም በቤተ ሙከራ ለብዙ ዓመታት ይሠራል፤ ነገሮች እንዴት እንደሚሠሩ ጠንቅቆ ያላወቀ ለምን እንደ ተሰበሩ ሊያውቅ አይችልምና። ከዚህ በኋላ አንዴ የመድን ድርጅት፣ አንዴ የመርከብ ባለቤት፣ አንዴ ፍርድ ቤት ይጠራዋል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ስባሪውን አይጠርግም፣ አያጥብም፣ አያጋጥምም፤ አስቀድሞ ፎቶግራፍ ያነሣዋል፣ ይለካዋል። ቀጥሎ ከብረቱ ቁራጭ ይወስድና እንደ መስታወት እስኪያበራ ይወለውለዋል፤ በአሲድ ነክቶም በማይክሮስኮፕ ይመረምረዋል። ሽቦን ወዲያና ወዲህ እያጠፍን በእጃችን እንደምንሰብረው ሁሉ፣ ትልቅ ብረትም ትንሽ ጭነት ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት ይደክማል። መሐንዲሶች ይህን «የብረት ድካም» ይሉታል። ስንጥቁ ቀስ በቀስ ሲያድግ፣ የሐይቅ ውኃ ሲሸሽ በአሸዋው ላይ መስመር እየተወ እንደሚሄድ፣ በብረቱ ገጽ ላይ መስመር ይተዋል። የሚያውቅ ሰው እነዚህን መስመሮች ተከትሎ ስንጥቁ የጀመረበትን ነጥብ ያገኛል።

ምናልባት «ባሕር የሌለን እኛ የመርከብ አደጋ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። አገራችን ዛሬ ወደብ ባይኖራትም የራሷ መርከቦች አሏት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛ የተማሩ ወጣቶቻችንም በዓለም ባሕሮች ላይ በመርከብ መሐንዲስነት ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የመርከብ ብቻ አይደለም። በባሕር ላይ የሚሰበረውና በመርካቶ የሚሰበረው ብረት የሚታዘዙት ለአንድ ሕግ ነው።

በሰሜን ባሕር የተገኘው ቀለም

መጋቢት 18 ቀን 1972 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980) ማታ በኖርዌይ የሰሜን ባሕር ክልል አሌክሳንደር ኪላንድ የተባለ ተንሳፋፊ ሕንፃ ተገለበጠ። ይህ ሕንፃ በአምስት ታላላቅ እግሮች ላይ የቆመ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኞች ያድሩበት ነበር። ከነበሩት 212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ። አገልግሎት ከጀመረ አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

መርማሪዎቹ ስባሪዎቹን ሲያጠኑ የችግሩ መጀመሪያ ከሰው ቁመት በላይ ስፋት ያለው አንድ ማገናኛ ቱቦ መሆኑን አገኙ። በዚህ ቱቦ ላይ የባሕር ውስጥ ድምፅ የሚያዳምጥ አነስተኛ መሣሪያ እንዲያዝበት አንድ ድጋፍ ተበይዶ ነበር። የብየዳው ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ድጋፉ የሕንፃውን ክብደት ስለማይሸከም እንደ ትንሽ ነገር ተቆጠረ፤ ብየዳውም መልካም አልነበረም። ስንጥቁ ከዚያ ተነሣ፤ ማዕበሉ በመታው ቁጥር እያደገ ሄደ፤ በመጨረሻም ቱቦው ተበጠሰ። ሌሎቹ ቱቦዎች ተከትለው ተሰበሩ፤ አንዱ እግር ተገንጥሎ ሄደ፤ ሕንፃውም በሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ተገለበጠ።

ወንድሞቼ ሆይ፣ ይህን ሳነብብ ከመቀመጫዬ ያስነሣኝ አንድ ነገር ነበር። በድጋፉ ብየዳ ስንጥቅ ውስጥ ቀለም ተገኘ። ቀለም ሊገባበት የሚችለው ሕንፃው ገና ሲሠራ ተሰንጥቆ ከነበረ ብቻ ነው። እንግዲህ ስንጥቁ ቀለም በተቀባበት ቀን ነበረ ማለት ነው። ብሩሹ አለፈበት፤ ዐይን ግን አላየውም። የጋሼ ጥያቄ ከምናለሽ ተራ ተነሥታ ሰሜን ባሕር ደረሰችብኝ።

ሁለተኛው አደጋ

የመጀመሪያው ስብራት ሰውን ሊያስተምር ይችላል። ትምህርቱ ሳይገኝ ወደ ሥራ መመለስ ግን ሌላ ስብራት ይወልዳል።

ጥር 2 ቀን 1946 ዓ.ም. (በ1954) ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ የመንገደኞች ጄት አይሮፕላን በኢጣሊያ ኤልባ ደሴት አጠገብ ባሕር ውስጥ ወደቀና 35 ሰዎች ሞቱ። ኩባንያው በረራውን አስቆመ። መሐንዲሶችም እሳት ይሆናል፣ ሌላም ይሆናል እያሉ ብዙ ማሻሻያ አደረጉ። እውነተኛውን ምክንያት ግን ገና አላገኙትም ነበር። እንዲያም ሆኖ መጋቢት 14 ቀን በረራው ተጀመረ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ መጋቢት 30፣ ሁለተኛው ኮሜት በኔፕልስ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ ወደቀና 21 ሰዎች ሞቱ።

ከዚያ በኋላ የባሕር ኃይሉ የመጀመሪያውን አይሮፕላን ስባሪ ከባሕር ወለል እየለቀመ አወጣ። በፋርንቦሮ የነበሩ ተመራማሪዎችም አንድ ሙሉ የአይሮፕላን አካል በውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው፣ በበረራ ጊዜ እንደሚሆነው ግፊቱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ፈተኑት። በመንገደኞች በረራና በገንዳው ፈተና አንድ ላይ ከ3,000 ጥቂት በለጥ ያለ ጊዜ ግፊት ከተመላለሰበት በኋላ ተሰነጠቀ። ከባሕር የወጣው ስባሪም በጣራው ላይ ለራዲዮ መሣሪያ በተከፈተው መስኮት ጥግ ስንጥቁ መጀመሩን መሰከረ። ያ ሁሉ ማሻሻያ፣ ምክንያቱ ስላልታወቀ፣ ሕመሙ ካለበት ሌላ ቦታ የተለጠፈ መድኃኒት ነበር።

ይህ የሩቅ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. (በ2018) አንድ የኢንዶኔዥያ ቦይንግ 737 ማክስ አይሮፕላን በጃቫ ባሕር ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። የዚህ ዓይነት አይሮፕላኖች ግን መብረራቸውን ቀጠሉ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (በ2019) ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፋራ ወደቀ፤ 157ቱም ሞቱ። በዚህ አደጋ የተሰነጠቀ ብረት አልነበረም። ከአንድ መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር የተቀበለ አንድ ሥርዓት የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። ይሁንና እዚህም ብረት መስክሯል። ከቱሉ ፋራ አፈር የወጣው፣ የጅራቱን አግድም ክንፍ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ጠመዝማዛ ዘንግ፣ አይሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ምድር እንዲደፋ በሚያደርግ አቀማመጥ ላይ ተገኘ። ከኢንዶኔዥያው አደጋ ጋር መመሳሰሉም ታየ። መጋቢት 4 ቀን አሜሪካም ሳትቀር በረራውን አገደች።

ከመጀመሪያው አደጋ በፊት አብራሪዎች በሚያነቡት መመሪያ የዚያ ሥርዓት አሠራር አልተገለጸም ነበር። ኩባንያው ስለዚሁ ሥርዓት ከተቆጣጣሪዎች እውነቱን ሰውሯል ተብሎ በአሜሪካ ተከሰሰና፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። እንግዲህ ይህንንም በስንጥቅ ላይ የተቀባ ቀለም ብለው ተሳስቻለሁን?

መርማሪዎችም እርስ በርስ የሚከራከሩበት ጊዜ አለ። የአገራችን መርማሪ መሥሪያ ቤት የመጨረሻውን ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ባወጣ ጊዜ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ስለ አብራሪዎቹ አሠራር በበቂ አልተነገረም ሲሉ አስተያየታቸውን በጽሑፍ ገልጸዋል። ይህ የሚያሳፍር አይደለም። ማስረጃው በጠረጴዛ ላይ እስካለ ድረስ ክርክር እውነትን ያጠራል፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።

ስሕተትና መሸፈን

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። «ያጠፋ ሁሉ ተናግሮ ከተቀጣ ማን ይናገራል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ስለዚህም ነው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የአደጋ ምርመራ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛን መለየት አይደለም ብሎ የደነገገው። ፍርድ የፍርድ ቤት ነው፤ የመርማሪው ጥያቄ «ለምን?» የሚለው ብቻ ነው። ወቀሳ ቀድሞ ሲመጣ ሁሉም አፉን ይዘጋል፤ ስንጥቁ ግን ማደጉን አይተውም።

ሆኖም ከዚህ ተነሥተን ማንም ኃላፊነት የለበትም ልንል አንችልም። በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባናል። አንደኛው አለማወቅ ነው፤ የኮሜት ሠሪዎች ስለ ብረት ድካም የሚያውቁት በቂ አልነበረም። ሁለተኛው ለማወቅ አለመፈለግ ነው፤ እኔ አክስሉን ገልብጬ ያላየሁት በዚህ ምክንያት ነበር። ሦስተኛው አውቆ መሸፈን ነው። የመጀመሪያው በትምህርት ይድናል። ሁለተኛው ግን የሦስተኛው ደጃፍ ነው። አክስሉን ስበይድ ሁለተኛውን ሠራሁ፤ ከሰዎቹ መካከል ቆሜ ራሴን በነቀነቅሁባት ቅጽበት ወደ ሦስተኛው ተሻገርሁ።

«ቀኑ ደርሶበት ነው» ስለምንለውም ቃል አንድ ነገር ልጨምር። የሰው ዕድሜ በእግዚአብሔር እጅ ነው። እኛ ግን ያልተመለከትነውን ስንጥቅ፣ ያልጨረስነውን ሥራ በእርሱ ስም መሸፈናችን ትሕትና ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ጋሪ

በማግሥቱ ለአጎቴ ሁሉን ነገርሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ይህ ከተሰማ ስማችን ይጠፋል» አለ። ፍርሃቱ ገባኝ፤ በዚያ ቤት ብዙ ነፍስ ይበላልና። እኔ ግን ያልነገርሁት ሌላ ነገር ነበረኝ። በዚያው ሰሞን የሌላ ጋሪ አክስል በዚያው ዓይነት በይጄ ነበር። ያም ጋሪ በመርካቶ ውስጥ እየተገፋ ነው። ይህን ስሰማው አጎቴ መጋረጃውን ገልጦ ወደ መንገዱ ተመለከተና «ሂድ ፈልገው» አለኝ።

ሁለት ቀን ፈለግሁት። እህል በረንዳን፣ ቦምብ ተራን፣ ጎማ ተራን ዞርሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰባተኛ አካባቢ አገኘሁት። ባለ ጋሪው በዕድሜ እኩያዬ ነው። ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ፤ «ሳይሰበር ልትሰብረው መጣህ እንዴ?» አለኝ። በልመና ወደ ቤታችን አመጣሁት። ጋሼ እንዳስተማሩኝ በብየዳው ዙሪያ ያለውን ቀለም ፋቅሁና ነጭ ጋዝ ቀባሁት፤ ጥቂት ቆይቼ በደንብ ጠረግሁት፤ ጠመኔ ፈጭቼም ነሰነስሁበት። ስንጥቅ ካለ ወደ ውስጥ የገባው ጋዝ ወጥቶ ጠመኔውን ያረጥበዋል። ብዙም ሳይቆይ በነጩ ላይ አንዲት ጥቁር መስመር ወጣች። ልጁ መሳቁን ተወ። ጋሼም «አክስል ይለወጣል እንጂ እንዲህ አይበየድም» አሉ። አጎቴ ያለ ክፍያ ለወጠለት።

ከዚህ በኋላ የቀረኝ ከሁሉ የከበደው ነበር። እግሩ ወደ ተሰበረው ሰው ቤት ሄድሁ። በአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ ነበር። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ለሕክምናው እኔና አጎቴ የምንችለውን እንደምንከፍል ነገርሁት። ይቆጣል፣ ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሱ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፦

«ሰው ሁሉ አብዝተህ ጭነህ ነው ሲለኝ እኔም አምኜ ነበር። ለሚስቴም ይኸንኑ ነግሬያት ነበር» አለኝ።

ይቅር ብየሃለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ነገር ግን «ምርመራ ለተጎዳ ሰው ምን ይረባዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ያን ቀን አገኘሁ። እግሩን አይጠግንለትም። በእርሱ ላይ የተጫነውን የሌላ ሰው ጥፋት ግን ያወርድለታል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሁላችን የአደጋ መርማሪ መሐንዲስ አንሆንም። ነገር ግን ከእኛ መካከል የሚበይድ አለ፣ የሚሰፋ አለ፣ ሒሳብ የሚይዝ አለ፣ መድኃኒት የሚያድል አለ። ሁላችንም ቀለም ከመቀባታችን በፊት ሥራችንን ገልብጠን የምናይባት አንዲት ደቂቃ አለችን። ያች ደቂቃ ካመለጠችንም ሌላ ደቂቃ ትቀረናለች፤ እርሷም ሁለተኛው ጋሪ ሳይሰበር የምንናገርባት ናት። የመጀመሪያው አክስል ስባሪ ዛሬም በብየዳ ቤታችን መደርደሪያ ላይ አለ። አጎቴ እንዳይጣል ብሎ ያስቀመጠው ነው። ቀለሙም በውስጡ እንዳለ ነው።